ብሮንዚናው ከመገዛቱ በፊት ክራንኩ ይለካ

በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ በጥር 2016 ዓ.ም. ይፋ ከሆነ ወዲህ፣ እጅ ላይ ያለ የቤንዚን ስፖርት መኪና አንዴ ከሸጡት መልሰው የማያገኙት ንብረት ሆኗል። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የመለዋወጫ ዋጋም አብሮ ተሰቀለ። ድሮ ሞተር ሲመታ ያገለገለ ሙሉ ሞተር ከዱባይ ወይም ከጃፓን አስመጥቶ መቀየር አንድ መላ ነበር፤ ዛሬ ያ መላ ለብዙ ሰው ከአቅም በላይ ነው። ስለዚህ በአዲስ አበባ ዙሪያ፣ በገላን፣ በሰበታ፣ በለገጣፎና በሱሉልታ፣ የወረደ ሞተር የሚድነው በጥገና ነው። የጥገናው ዕድሜ ደግሞ ክራንኩን፣ ማለትም የሞተሩን ዋና ተሽከርካሪ ዘንግ፣ በሚያቅፈው ስስ ዕቃ፣ በብሮንዚናው ይወሰናል።

ባለንብረቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው «የማን ምርት ልግዛ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ቦታው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ አሮጌው ለምን እንደተበላ፣ ቀጥሎ የክራንኩና የቢየላው (ፒስተኑን ከክራንኩ ጋር የሚያገናኘው ክንድ) ልክ ስንት እንደሆነ፣ ከዚያም በክራንኩና በብሮንዚናው መካከል ምን ያህል የዘይት ክፍተት እንደሚፈለግ መታወቅ አለበት። ይህ ሳይታወቅ የተገዛ ብሮንዚና፣ ካርቶኑ ላይ የፈለገው ስም ይጻፍበት፣ ሎተሪ ነው።

ብሮንዚና ሁለት ግማሽ ክቦች ሆኖ የሚገጠም ስስ ዕቃ ነው። ጀርባው ብረት ነው። ባይሜታል የሚባለው ዓይነት በብረቱ ላይ አንድ የአሉሚኒየምና የቲን ድብልቅ ንጣፍ ብቻ አለው። ትራይሜታል የሚባለው በብረቱ ላይ የመዳብ ድብልቅ፣ በመዳቡ ላይ ደግሞ ለስላሳና እጅግ ስስ የሆነ የላይ ንጣፍ አለው፤ ለውድድር ተብለው በሚሠሩት ላይ ይህ የላይ ንጣፍ 0.013 ሚሊሜትር አካባቢ ብቻ ነው። ሞተሩ ሲዞር የክራንኩ አንገት፣ ማለትም ብሮንዚናው የሚያቅፈው ክብ ክፍል፣ ብሮንዚናውን አይነካም፤ በመካከላቸው ባለው የዘይት ሽፋን ላይ ይንሳፈፋል። ሽፋኑ በጣም በተጫነበት ቦታ ውፍረቱ ጥቂት ሺኛ ሚሊሜትር ብቻ ስለሚሆን፣ በዓይን የማይታይ አቧራ እንኳ ሁለቱን ወገን ሊነካ ይችላል።

አሮጌዎቹ ሲወጡ በእያንዳንዱ ጀርባ ላይ የሲሊንደሩን ቁጥርና የላይ ወይም የታች መሆኑን በማርከር መጻፍ ግድ ነው። በብዙ ጋራዥ ሁሉም አንድ ጣሳ ውስጥ ተጠራቅመው ይጣላሉ፤ የሞተሩ የምርመራ ውጤት ያለው ግን እዚያ ጣሳ ውስጥ ነው። በደህና ሁኔታ ያገለገለ ትራይሜታል ፊቱ አመድማ ሆኖ መሀሉ ላይ ትንሽ ያበራል፤ ወደ ሁለቱ መጋጠሚያዎች እየሳሳ ይጠፋል። ከአመድማው ሥር የመዳቡ ቀይ መልክ ብቅ ካለ የላይ ንጣፉ አልቋል ማለት ነው። ያ መዳብ በሁሉም ላይ በእኩል ከታየ መንስኤው የጋራ ነው፤ የዘይት ግፊት ማነስ፣ የቀጠነ ዘይት ወይም ረጅም ዕድሜ። የቢየላው የላይኛው ግማሽ ብቻ ከተበላ ግን ከላይ ፒስተኑ እየደበደበው ነበር፤ በከፍተኛ ማርሽ በዝቅተኛ ዙር ነዳጅ መርገጥ ወይም የቤንዚኑ ቀድሞ መፈንዳት ይህን ያመጣል። በሁለት ተቃራኒ ጠርዞች ላይ በሰያፍ የተበላ ከሆነ ቢየላው ጎብጧል። ክብ ጭረቶችና ንጣፉ ውስጥ የተቀበሩ ብልጭ የሚሉ ነጥቦች ከታዩ ቆሻሻ ገብቷል። ጀርባው ላይ የሚያብረቀርቁ ወይም የጠቆሩ ምልክቶች ካሉ ብሮንዚናው በቤቱ፣ ማለትም በሚቀመጥበት ክብ ቀዳዳ፣ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ያኔ ችግሩ ክራንኩ ላይ ሳይሆን የቢየላው ቤት ላይ ነው። አንዱ ብቻ ተቃጥሎ ሌሎቹ ደህና ከሆኑ ደግሞ ወደዚያ አንገት የሚሄደው የዘይት ቀዳዳ በሽቦና በአየር ይፈተሽ። እነዚህ ሳይስተካከሉ የሚገባ አዲስ ብሮንዚና፣ ውዱም ቢሆን፣ በዚያው መንገድ ይሄዳል።

የአካባቢያችን ሁኔታም የራሱ ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሱሉልታ ከዚያም ከፍ ትላለች። የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ የሚስበው አየር ስለሚያንስ ፒስተኑ ላይ የሚያርፈው የፍንዳታ ጫናም ያንሳል። ይህ ለብሮንዚናው እፎይታ ይመስላል፤ ነገር ግን ጉልበት ያነሰው ሹፌር ዙሩን ከፍ አድርጎ መንዳት ይጀምራል። ፒስተኑና ቢየላው በየዙሩ ሲቆሙና ሲነሱ የሚፈጥሩት ጫና የሚያድገው በዙሩ ካሬ ነው፤ ከ7,000 ወደ 8,400 ዙር መውጣት ይህን ጫና 1.44 እጥፍ ያደርገዋል። ቱርቦ ያለው ሞተር ነገሩ ሌላ ነው፦ ቱርቦው የጎደለውን አየር ስለሚተካ የፍንዳታው ጫና እንዳለ ይመለሳል፣ ለ98 ኦክቴን ቤንዚን የተስተካከለ ኮምፒውተር ከሆነ ደግሞ ያልተጠበቀ ፍንዳታ የላይኛውን ግማሽ ይቀጠቅጣል። ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ በፈጣኑ መንገድ ወደ አዳማ ረጅም ርቀት በከፍተኛ ዙር የሚሄድ መኪና ዘይቱ ይግላል፣ ይቀጥናል። በቃሊቲ መጨናነቅ ውስጥ አጭር አጭር ጉዞ የሚያደርግ ደግሞ ያልተቃጠለ ቤንዚን ዘይቱ ውስጥ እየገባ ያቀጥነዋል። ሁለቱ መኪናዎች አንድ ዓይነት ሞተር ቢኖራቸውም የሚያስፈልጋቸው ክፍተትና ዘይት አንድ ነው ብሎ መገመት ስህተት ነው።

ወደ ልኬቱ እንምጣ። የክራንኩ አንገት በማይክሮሜትር የሚለካው በአንድ ቦታ አይደለም። በእያንዳንዱ አንገት በፊት፣ በመሀልና በኋላ፣ በየቦታው ደግሞ 90 ዲግሪ በተለያዩ ሁለት አቅጣጫዎች፣ በድምሩ 6 ንባብ ይያዛል። ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው ያለው ልዩነት ወይም የክቡ መዛባት ከ0.005 ሚሜ ብዙ ካለፈ ክራንኩ ለመላጥ ሬቲፊካ ቤት መግባት አለበት። ቀጥሎ የቢየላው ኮፍያ (በቡሎን የሚታሰረው ግማሹ) ያለ ብሮንዚና በሙሉ ቶርክ፣ ማለትም በመመሪያው የማሰሪያ ኃይል፣ ታስሮ ቤቱ በቦር ጌጅ (የውስጥ ስፋት መለኪያ) ይለካል፤ የባንኮውም፣ ማለትም ብሎኩ ላይ ያለው ቤት፣ እንዲሁ። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይህ ነው። ቤቱ ከተፈቀደው ልክ ከሰፋ አዲሱ ብሮንዚና ተጨቁኖ አይያዝም። ብሮንዚና እንዳይዞር የሚያደርገው ጠርዙ ላይ ያለችው ትንሽ ምላስ የሚመስላቸው አሉ፤ ምላሷ ቦታ ለማስያዝ ብቻ ናት። የሚይዘው ጫፎቹ ከቤቱ መጋጠሚያ በትንሹ ከፍ ብለው ስለሚሠሩ ኮፍያው ሲታሰር የሚፈጠረው ጭቆና ነው። ያ ጭቆና ከሌለ ሙቀቱም ወደ ቢየላው አይተላለፍም፣ ብሮንዚናውም አንድ ቀን ይዞራል።

ስለዚህ ሁለት የቆዩ ልማዶች መቅረት አለባቸው። አንደኛው የሰፋውን ለማጥበብ የኮፍያውን መጋጠሚያ በሞረድ መብላት ነው፤ ቤቱ ክብ መሆኑ ይቀርና ዕንቁላል ቅርጽ ይይዛል። ሁለተኛው ከብሮንዚናው ጀርባ ወረቀት ወይም ስስ ቆርቆሮ ማስገባት ነው። ድምፁን ለጥቂት ሳምንት ያጠፋል፤ ሙቀት እንዳይወጣ ዘግቶ ብሮንዚናውን ያቃጥላል፣ ቀጥሎም ቢየላው ብሎኩን ሰብሮ ሊወጣ ይችላል። ለሚሸጥ መኪና የሚደረግ ከሆነማ ገዢውን ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

ክፍተቱ የሚሰላው ብሮንዚናው ገብቶ በቶርክ ታስሮ ሲለካ ከሚገኘው የውስጥ ልክ ላይ የአንገቱን ልክ በመቀነስ ነው። መለኪያው መቆም ያለበት ከመጋጠሚያው በ90 ዲግሪ ነው። ብሮንዚና ሆን ተብሎ መሀሉ ወፍሮ ጫፎቹ ሳስተው ስለሚሠራ በመጋጠሚያው በኩል የለካ ሰው የሌለ ክፍተት ያነባል። ቦር ጌጅ ከሌለ ፕላስቲጌጅ የሚባለው ሰም የመሰለ ቀጭን ክር አለ። አረንጓዴው ከ0.025 እስከ 0.076 ሚሜ ይለካል። በደረቀ አንገት ላይ በርዝመቱ ይጋደማል፣ ኮፍያው በሙሉ ቶርክ ይታሰራል፣ ክራንኩ አንድ ዲግሪ እንኳ ሳይዞር ይፈታል። ከዚያ የተደፈጠጠው ክር ስፋት ከማሸጊያው መስመሮች ጋር ይስተያያል፤ በሰፋ ቁጥር ክፍተቱ ጠባብ ነው። በአንዱ ጫፍ ሰፍቶ በሌላው ከጠበበ አንገቱ ሾጣጣ ሆኗል። ክሩ ለማረጋገጫ ጥሩ ነው፤ በመቶኛ ሚሊሜትር ግማሽ ለሚከራከር የስፖርት ሞተር ግን ማይክሮሜትርን አይተካም።

ምን ያህል ክፍተት ይፈለጋል? የመጀመሪያው መልስ የሞተሩ የፋብሪካ መመሪያ ነው። ከዚያ ውጪ በሞተር ሠሪዎች ዘንድ የቆየ ስሌት አለ፦ ለእያንዳንዱ ሚሊሜትር የአንገት ውፍረት የሚሊሜትር አንድ ሺኛ። ለ52 ሚሜ አንገት 0.052 ሚሜ ይሆናል፤ ለውድድር የሚነዳ ከሆነ 0.01 ገደማ ይጨመራል። ለመንገድ ብቻ የሚነዱ ዘመናዊ ሞተሮች ከዚህ ጠበብ ተደርገው ይሠራሉ።

እዚህ ላይ «ሰፋ ይበል፣ ዘይት በደንብ ይግባ» የሚለው ምክር ጥንቃቄ ይፈልጋል። በክፍተት ውስጥ የሚያልፈው ዘይት መጠን የሚያድገው በክፍተቱ ኪዩብ ነው። ከ0.04 ወደ 0.05 ሚሜ መስፋት ትንሽ ይመስላል፤ የሚፈሰው ዘይት ግን ወደ እጥፍ ይጠጋል። የዘይት ፖምፓው ያንን መሙላት ካልቻለ ሞተሩ ግሎ በሚኒሞ ሲዞር የግፊት መብራት ይበራል፤ መጨረሻ ላይ ያለው አንገትም ይጠማል። ክፍተት ከሰፋ ወፍራም ዘይትና ጤነኛ ፖምፓ አብረው ይታሰባሉ። ክፍተት ከጠበበ ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ፣ የሱሉልታ ብርድ ወደ ዜሮ ሲጠጋ፣ ወፍራም ዘይት በዚያ ጠባብ ቦታ ቶሎ አይደርስም፤ ዘይቱ ሳይሞቅ ከፍተኛ ዙር መርገጥ ክልክል ነው።

ልኩ ከታወቀ በኋላ ነው ካርቶን የሚነበበው። የታወቁት አምራቾች ቁጥራቸው ራሱ ይናገራል። በኤሲኤል የመጀመሪያው አኃዝ የጥንዶች ብዛት ነው፤ ከሱ ቀጥሎ ያለው «ቢ» የቢየላ፣ «ኤም» የባንኮ ነው። በኪንግ «ሲ አር» የቢየላ፣ «ኤም ቢ» የባንኮ ነው። በክሌቪት «ሲ ቢ» እና «ኤም ኤስ» ያንኑ ይወክላሉ። በኤሲኤልና በክሌቪት መጨረሻ ላይ «ኤች» ካለ ለከፍተኛ ጫና የተሠራ ትራይሜታል ነው፤ «ኤች ኤክስ» ከሆነ ክፍተቱን በ0.025 ሚሜ የሚያሰፋ ነው። በኪንግ «ኤክስ ፒ» የውድድሩ ረድፍ ሲሆን «ኤስ ቲ ዲ ኤክስ» ሰፋ ያለ ክፍተት የሚሰጠው ነው። «ኤስ ቲ ዲ» ያልተላጠ ክራንክ ነው፤ 0.25 እና 0.50 ደግሞ ያን ያህል ለተላጠ።

ልኬት የያዘ ሰው እዚህ ጋ አንድ ጥሩ መንገድ ያገኛል። ስታንዳርዱ 0.012 ያህል ጠቦ፣ ሰፊው ያንኑ ያህል ሰፍቶ ቢያስቸግር፣ ከአንድ አምራችና ከአንድ ረድፍ አንዱን ግማሽ ከስታንዳርዱ፣ ሌላውን ከሰፊው መውሰድ ይቻላል፤ ክፍተቱ በመካከል ላይ ያርፋል። ሰፊው ግማሽ በሁሉም አንገቶች በአንድ ወገን መሆን አለበት። ስታንዳርድን ከ0.25 ጋር መቀላቀል ግን ፈጽሞ አይሞከርም።

ክራንክ ስለማስላጥ ትልቅ ማስጠንቀቂያ አለ። የብዙ ስፖርት መኪናዎች ክራንክ በናይትራይድ (ቆዳውን በናይትሮጅን በማጠንከር ዘዴ) የጠነከረ ነው፤ ጠንካራው ቆዳ ስስ ስለሆነ 0.25 ሲላጥ ሊሳሳ ወይም ሊጠፋ ይችላል። ቆዳው በናይትራይድ ካልተመለሰ ክራንኩ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፣ ጠንካራ ትራይሜታል ደግሞ ይበላዋል። እንዲህ ላለ ክራንክ ቀላል ጭረት ካለበት ማስወልወል፣ ጠለቅ ያለ ከሆነ ሌላ ክራንክ መፈለግ ይሻላል። የመጨረሻው መወልወያ ክራንኩ ሞተር ውስጥ በሚዞርበት አቅጣጫ መሄድ አለበት፤ የዘይት ቀዳዳዎቹ ጠርዝም በእጅ ተዳሶ ስለት የሌለው ይሁን።

ባይሜታል ወይስ ትራይሜታል? በየቀኑ ለሚነዳ፣ ቱርቦው በፋብሪካ ልክ ለሚሠራ መኪና ጥሩ ባይሜታል ረጅም ዕድሜ አለው፤ ንጣፉ ወፍራም ስለሆነ በትንሽ በትንሹ ሲበላ ቶሎ አያልቅም። ጉልበቱ ለተጨመረ ወይም ዙሩ ከፍ ላለ ሞተር ትራይሜታል ድብደባን ይችላል። ዋጋው ግን ዘይቱን በጊዜ ለማይቀይር ሰው የባከነ ነው፤ ያ ስስ ንጣፍ ቆሻሻን ብዙ አይታገስም። ጥቁር ቅብ የተቀቡም አሉ። ቅቡ በአንድ በኩል ከ0.005 እስከ 0.008 ሚሜ ስለሚወፍር፣ አምራቹ አስቀድሞ አስልቶለት እንደሆነ በልኬት መረጋገጥ አለበት። በደረቅ ማስነሳት ጊዜ ይረዳል፤ የተሳሳተ ክፍተትን አያርምም።

የቢኤምደብሊው ኤም3 ባለቤቶች ስለዚህ ጉዳይ ብዙ የሰሙ ናቸው፣ መስማታቸውም ተገቢ ነው። 8,400 ዙር የሚደርሰው ኤስ65 የተባለው ባለ 4.0 ሊትር ቪ8 ሞተር 52 ሚሜ ለሆነ የቢየላ አንገቱ ጠባብ ክፍተት ተሰጥቶታል፤ አብሮት የታዘዘው ዘይት ደግሞ ወፍራሙ 10ደብሊው-60 ነው። መጀመሪያ እርሳስ ያለበት ለስላሳ ብሮንዚና ነበረው፤ ኋላ እርሳስ በሌለው ጠንካራ ተተካ። ገበያው ለዚህ መልስ ብሎ ያመጣቸው ሰፋ ያለ ክፍተት የሚሰጡ ብሮንዚናዎች ሲሆኑ፣ ለዚህ ሞተር ተመራጭ ናቸው ብሎ መናገር ይቻላል። ሥራው ሞተር ሳይወርድ ከሥር፣ የፊት ድልድዩ ወርዶ፣ የዘይት ኮፓው ወጥቶ ይሠራል። የቢየላው ኮፍያ ተሰንጥቆ የተለያየ ስለሆነ ፊቱ ከራሱ ቢየላ ጋር ብቻ ይገጥማል፤ ሁለት ኮፍያ ከተቀያየረ ቢየላዎቹ ተበላሹ። ቡሎኖቹም ተስበው የሚታሰሩ ናቸው፣ ሁለተኛ አይገቡም።

ፖርሽ ቦክስተር 986 ወይም 911ን በ996 ትውልዱ የያዘ ሰው ግን የሚፈራው ኩሽኔታ ነው። በኤም96ና በተከታዩ በኤም97 ሞተር ውስጥ የመካከለኛውን ዘንግ (ክራንኩን ከካም ሻፍቶቹ ጋር የሚያገናኘውን) የኋላ ጫፍ የሚይዘው ኩሽኔታ ሦስት ትውልድ አለው፦ በመጀመሪያዎቹ ሞተሮች ባለ ሁለት ረድፍ፣ ከ2000 እስከ 2005 (እ.ኤ.አ.) ባለ አንድ ረድፍ፣ ከዚያ እስከ 2008 ትልቁ ባለ አንድ ረድፍ። ደካማው የመካከለኛው ነው፤ በአሜሪካም በ2013 (እ.ኤ.አ.) በክስ ስምምነት የተጠናቀቀው ጉዳይ እሱን ይመለከት ነበር። ትልቁ ብሎኩ ካልተከፈተ አይወጣም። ለሁለቱ ቀደምት ዓይነቶች ምትክ ሦስት መንገድ አለ፦ የሴራሚክ ኳስ ያለው ኩሽኔታ፣ ሲሊንደር ሮለር ያለው፣ እና በግፊት ዘይት የሚመገብ ተንሸራታች ብሮንዚና። የመጨረሻው ውድ ቢሆንም የሚሽከረከር ኳስ ስለሌለው የድካም ችግሩን ከሥሩ ያነሳል። በሽግግሩ ዓመታት የተሠራ ሞተር የትኛውን እንደያዘ ሳይከፈት ማወቅ ስለማይቻል ዕቃው ከታየ በኋላ ይታዘዝ። አመቺው ጊዜ ፍሪሲዮን ሲቀየር ነው፤ ካምቢዮውና ቮላኖው ወርደዋልና። ክራንኩና ካም ሻፍቶቹ ሳይቆለፉ፣ የካቴና መወጠሪያዎቹም ሳይላሉ ሽፋኑ ከተነሳ ታይሚንጉ ይዘላል። ፊልትሩ ውስጥ ብረት ከተገኘ ደግሞ ኩሽኔታ መቀየር ብቻ ዋጋ የለውም፤ ብናኙ ሞተሩን ሁሉ ዞሯል።

መርካቶ ሶማሌ ተራ ወርዶ የሚገዛ ሰው ማይክሮሜትር ያለው ባለሙያ ይዞ ቢሄድ መልካም ነው። የአምራቹ ምልክት፣ ቁጥሩና ልኩ በብሮንዚናው ጀርባ ላይ ጥርት ብሎ ይታተማል፤ ከካርቶኑ ጋር መመሳሰል አለበት። የሁሉም ግማሾች ውፍረት መሀል ላይ ይለካ፤ ደህና ምርት ከሆነ ልዩነቱ ጥቂት ሺኛ ሚሊሜትር ብቻ ነው። ሁለት መቶኛ የሚለያይ ስብስብ፣ ቢረክስም፣ ይመለስ። ነጻ ሆኖ ሲቀመጥ ጫፎቹ ከቤቱ በትንሹ ከፈት ብለው መቆየት አለባቸው፤ በእጅ ሲገፋ ጠቅ ብሎ የማይዝ ብሮንዚና አይታመንም። ሻጩ «ይሄ ለሁሉም ይሆናል» ካለ ሌላ ሱቅ ይታይ።

ሲገጠም ቤቱም የብሮንዚናው ጀርባም ደረቅና ንጹሕ ይሁን፤ ቅባት የሚቀባው ፊቱ ብቻ ነው። በገላንና በዱከም መንገድ ዳር ያሉ ጋራዦች አቧራ ስለሚበዛባቸው የተከፈተ ሞተር በፕላስቲክ ተሸፍኖ ይደር፣ መጥረጊያውም ክር የማይለቅ ጨርቅ ይሁን። ቡሎኖቹ በመመሪያው ቶርክና ዲግሪ በቶርክ ሬንች ይታሰሩ፤ እያንዳንዱ ኮፍያ ከታሰረ በኋላ ክራንኩ በእጅ ይዙር፣ የትኛው ላይ እንደከበደ ወዲያው ይታወቃል።

የተጠገነ ሞተር በጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ተመልሶ ሲመታ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዘይት ማቀዝቀዣው ነው። የአሮጌው ብሮንዚና ብናኝ በማቀዝቀዣው ጠባብ መስመሮች ውስጥ ተቀምጦ ሞተሩ ሲግል ይለቃል። ማጠብ አያስተማምንም፤ መለወጥ ነው። የቱርቦው የዘይት መስመርና በውስጡ ያለች ትንሽ ማጣሪያ ካለች እሷም ትታይ፣ የዘይት ፖምፓውም ተፈቶ ጭረት ይፈለግበት።

ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ፊልትሩ ዘይት ይሞላ፣ የቤንዚኑና የማቀጣጠያው ሶኬት ተነቅሎ በሞተሪኖ ይዙር፤ የግፊት መለኪያው ከተነሳ በኋላ ብቻ ይቀጣጠል። መጀመሪያ 500 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ዘይቱ ይለወጥ፣ ፊልትሩም ተቆርጦ ወረቀቱ በፀሐይ ብርሃን ይዘርጋ። በጣም ጥቂት ደቃቅ ብናኝ የሚጠበቅ ነው። በጥፍር የሚነሳ ቅጠል መሰል ብረት ወይም የመዳብ ቀለም ከታየ ግን መኪናው ቆሞ ኮፓው ይከፈት፤ በዚህ ደረጃ ከተያዘ ክራንኩ ገና ይድናል።